ጭካኔ በሳሎን ውስጥ፦ የመመልከትና የመክፈል ውሳኔ

ጦርነት፣ ግድያና በቀል ከተረትም፣ ከቲያትርም፣ ከታሪክ መጽሐፍም ተለይተው አያውቁም፤ ስለዚህ በፊልም ውስጥ ጥቃት መታየቱ ብቻውን አዲስ ነገር ነው፣ ወይም በራሱ ነውር ነው ማለት አይቻልም። አዲስ የሆነው ጥቃቱ የሚቀርብበት ዝርዝር፣ የሚደጋገምበት ብዛትና የሚገባበት ቦታ ነው። ቀድሞ ተመልካቹ ከቤቱ ወጥቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ በበረኛ ፊት አልፎ ያየው የነበረው ትዕይንት ዛሬ በየወሩ ከባንክ ሒሳብ በሚቆረጥ ክፍያ አማካይነት ልጆች የቤት ሥራ ከሚሠሩበትና ቡና ከሚፈላበት ሳሎን ድረስ ይመጣል። በዚህም የተነሣ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ጭካኔ የበዛባቸውን ፊልሞች ከሚያቀርብ ድርጅት ጋር በደንበኝነት መቀጠል ይገባል ወይስ ማቋረጥ የሚለው ጥያቄ እየተነሣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ጥያቄው በንዴት ወይም በልማድ ሳይሆን በዕውቀት የሚመለስበትን መንገድ ማሳየት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባት በፊት ሦስት ቃላት ሊብራሩ ይገባል። የመጀመሪያው ስትሪሚንግ ሲሆን፣ ይህም ፊልሙ በቅድሚያ በመሣሪያ ላይ መጫን ሳያስፈልገው በኢንተርኔት እየመጣ ወዲያው እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር ነው፤ ኔትፍሊክስ፣ ዲዝኒ ፕላስና አማዞን ፕራይም ቪዲዮ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ሁለተኛው ደንበኝነት ነው፤ ይህም ተመልካቹ ለአንድ ፊልም ሳይሆን ለመላው ስብስብ በየወሩ የሚከፍልበትና እርሱ ራሱ እስኪያቋርጠው ድረስ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ የሚታደስ ውል ነው። ሦስተኛው ዝርዝር ጭካኔ ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሐረጉ የሚያመለክተው አንድ ሰው መጎዳቱን ወይም መሞቱን ከመናገር አልፎ ቁስሉን፣ ደሙንና የሥቃዩን ድምፅ አቅርቦና አቆይቶ የሚያሳይ ትዕይንትን ነው። አንድ ወታደር ከኮረብታ ጀርባ ሲወድቅ ማሳየትና ካሜራውን ወደ ቁስሉ አስጠግቶ ማቆየት ስለ አንድ ሞት የሚናገሩ ሁለት የተለያዩ አነጋገሮች ናቸው።

በረኛው ከአዳራሽ ወደ ቤት እንዴት ተዛወረ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ፣ በዊል ሄይስ ስም የሚጠራው፣ አሰቃቂ ግድያዎች በዝርዝር እንዳይታዩ ይከለክል ነበር። ይህ ደንብ በ1968 ቀርቶ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ በሚመድብ አሠራር ሲተካ የጥያቄው ባሕርይ ራሱ ተለወጠ፤ ቀድሞ "ይህ ሊታይ ይገባል ወይ?" ይባል የነበረው "ለማን ሊታይ ይገባል?" ወደሚል ዞረ። በ1984 በስቲቨን ስፒልበርግ ዳይሬክተርነት የተሠራው ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ልብ ከሰው ደረት በእጅ ሲወጣ የሚያሳይ ትዕይንት ይዞ ለሕፃናት ጭምር ክፍት ሆኖ በመቅረቡ ወላጆች ተቆጡ፤ በስፒልበርግ በራሱ ሐሳብ አቅራቢነትም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ፒጂ-13 የተባለው ምድብ ተፈጠረ፤ ይህም ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች በብርቱ እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ምልክት ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዘመናት በፊልሙና በልጁ መካከል አንድ ሰው ይቆም ነበር፤ እርሱም የአዳራሹ በረኛ፣ የካሴት አከራዩ ወይም የጣቢያውን የሥርጭት ሰዓት የሚወስነው የፕሮግራም ኃላፊ ነው። በ1997 ተመሥርቶ ዲቪዲዎችን በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ በ2007 ስትሪሚንግ ሲጀምር፣ በ2013 "ሀውስ ኦፍ ካርድስ" የተባለውን ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ምዕራፍ ክፍሎች በሙሉ በአንድ ቀን ሲለቅ፣ ከዚያም በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ በሆኑ ተጨማሪ አገሮች አገልግሎቱን ሲከፍት፣ ይህ በመካከል የሚቆም ሰው ከቦታው ተነሣ። የበረኛነቱ ሥራ አልጠፋም፤ ወደ ቤት ውስጥ ተዛወረ እንጂ። ይሁን እንጂ ሥራው ለማን እንደተሰጠ ለቤቱ ባለቤቶች በግልጽ የነገራቸው አልነበረም።

በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ክፍተት ሁለት ተጨማሪ መልኮች አሉት። በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች ውስጥ አገልግሎቱን የሚከፍቱት፣ ፕሮፋይሉን (በአካውንቱ ውስጥ የየተመልካቹን የግል ገጽ) የሚያዘጋጁትና የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ ከወላጆቻቸው ይልቅ አቀላጥፈው የሚናገሩት ልጆች ስለሆኑ፣ ጠባቂና ተጠባቂ ቦታ ይለዋወጣሉ። በአገር ቤት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ ማግኘት ለብዙዎች አስቸጋሪ በመሆኑ ፊልሙ በውጭ ባለ ዘመድ አካውንት፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ተገልብጦ ይደርሳል፤ በዚህ መንገድ ሲደርስ ፊልሙ ብቻውን ይመጣል፤ የዕድሜ ምልክቱ፣ የልጆች ፕሮፋይሉና የሚስጥር ቁጥሩ ግን ወደኋላ ይቀራሉ።

አንድ ሥራ በቅርበት ሲታይ

ጉዳዩን በአንድ የታወቀ ሥራ መመርመር ከአጠቃላይ ንግግር የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። በደቡብ ኮሪያዊው ህዋንግ ዶንግ ህዩክ ተጽፎ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2021 በኔትፍሊክስ የቀረበው "ስኩዊድ ጌም" በዕዳ የተዘፈቁ 456 ሰዎች 45.6 ቢሊዮን የኮሪያ ዎን ለማግኘት በልጆች ጨዋታ የሚወዳደሩበት፣ የተሸነፈም የሚገደልበት ዘጠኝ ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አንዲት ግዙፍ የሴት ልጅ አሻንጉሊት ፊቷን አዙራ የሕፃናት መዝሙር ታሰማለች፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ጭንቅላቷ ይዞራል፣ በዚያች ቅጽበት የተንቀሳቀሰም በጥይት ይወድቃል። ጨዋታው ሲያልቅ ከ456ቱ በሕይወት የሚቀሩት 201 ናቸው። 255 ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቱ ተመልካቹ የአብዛኞቹን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው አረንጓዴ ቱታቸውንና በደረታቸው ላይ ያለውን ቁጥር ነው።

በስድስተኛው ክፍል ግን የአሟሟቱ አቀራረብ ፈጽሞ ይለወጣል። ተወዳዳሪዎቹ እጅግ የሚያምኑትን ሰው መርጠው ጥንድ ጥንድ ከሆኑ በኋላ በብይ ጨዋታ እርስ በርስ እንዲሸናነፉ ይታዘዛሉ። ከእነርሱም አንዱ አሠሪው ደመወዙን የከለከለው አሊ የተባለ ፓኪስታናዊ ስደተኛ ሲሆን፣ እንደ ታላቅ ወንድሙ ያከበረውን ሰው አምኖ ይታለላል። በዚህ ክፍል የሚፈሰው ደም ከመጀመሪያው ጨዋታ በብዙ ያነሰ ነው፤ ካሜራውም አብዛኛውን ጊዜ ከቁስሉ ይልቅ በሰዎቹ ፊት ላይ ይቆያል። ይሁንና ተመልካች ከመጀመሪያው ጨዋታ ይልቅ የሚያዝነው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሞተው ቁጥር ሳይሆን ታሪኩ የታወቀ፣ ቤተሰብ ያለው፣ በሰው ላይ እምነት የጣለ ሰው ነው። በአንድ ሥራ ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ሁለት ክፍሎች በደም መጠን ብቻ መፍረድ እንደማይቻል፣ የጭካኔ ትዕይንት ሰውን ወደ ቁጥር የሚያወርድም፣ ቁጥሩን ወደ ሰውነት የሚመልስም ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሉ።

ሥራው በዓለም ላይ የደረሰበት ስፋት እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ በኩባንያው አቆጣጠር በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 1.65 ቢሊዮን ሰዓት ታይቷል። የዕድሜ ምልክቱ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ በደቡብ ኮሪያ ለወጣቶች የተከለከለ፣ በብሪታንያ ከ15 ዓመት ጀምሮ የተፈቀደ፣ በአሜሪካ ደግሞ ቲቪ-ኤም-ኤ፣ ማለትም ከ17 ዓመት በታች ላሉ ላይስማማ የሚችል ተብሎ ተመድቧል። በ2021 መኸር በእንግሊዝና በቤልጂየም የትምህርት ኃላፊዎች ሕፃናት በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጨዋታውን እየኮረጁ የተሸነፈውን እንደሚመቱ ለወላጆች አስጠነቀቁ፤ ይህም ምልክቱ በሥራ ላይ ቢኖርም ልጆቹ ዘንድ ከመድረስ እንዳላገደው ያሳያል።

ከዚህም በላይ ሊጤን የሚገባ ነገር አለ። በታሪኩ ውስጥ ጭንብል ያጠለቁ ባለጠጎች በምቹ መቀመጫ ላይ ሆነው የድሆችን ሞት ለመዝናኛ ይመለከታሉ፤ የሥራው ዋና ክስም በእነዚህ ተመልካቾች ላይ ነው። በኅዳር 2023 ግን ያው ኩባንያ 456 እውነተኛ ሰዎችን ያንኑ ቱታ አልብሶ፣ በዚያችው አሻንጉሊት ፊት አሰልፎ፣ በጥይት ፋንታ ከልብሳቸው ሥር ቀለም እንዲፈነዳ አድርጎ፣ ለ4.56 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አወዳደረ። የሰውን ሥቃይ መዝናኛ ማድረግን የሚያወግዘው ታሪክ ራሱ የመዝናኛ ዕቃ ሆነ። ደራሲው ያሰበው ትርጉምና ገበያው የሚያወጣለት ጥቅም የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው፣ አንድ ሥራ ቁም ነገር አለው ማለት በዙሪያው ያለው ንግድ ሁሉ ቁም ነገር አለው ማለት አይደለም።

ጥናት የሚለውና የማይለው

የጭካኔ ትዕይንት በተመልካች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ72 ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አዋቂ ሰው አንድን በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ኋላ ለብቻቸው ሲተዉ ድብደባውን፣ አንዳንዴም ቃላቱን ሳይቀር ደገሙት፤ በ1963 በቀጠለው ጥናትም ድብደባውን በፊልም ያዩት ሕፃናት ተመሳሳይ ጠባይ አሳዩ። ይህ በማየት መማር ይባላል። ተቺዎች በትክክል እንዳመለከቱት ግን አሻንጉሊቱ ለመመታት የተሠራ መጫወቻ ከመሆኑም በላይ የታየው ጠባይ የደቂቃዎች እንጂ የዓመታት አይደለም።

ሁለተኛው ተጽዕኖ ፍርሃት ነው። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የቴሌቪዥንን ይዘት ለረጅም ዘመን ያጠኑት ጆርጅ ገርብነር ቴሌቪዥን አብዝተው የሚመለከቱ ሰዎች ዓለሙ ከሆነው በላይ አደገኛ፣ ሰውም የማይታመን መስሎ እንደሚታያቸው ገልጸዋል፤ ሐሳቡም የክፉ ዓለም ስሜት ሊባል ይችላል። በ1999 የታተመው የክሪስተን ሃሪሰንና የጆአን ካንተር ጥናት ደግሞ ከጠየቃቸው የኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ባዩት ፊልም ወይም ፕሮግራም ክፉኛ መደንገጣቸውን እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። ሕፃን ልጅ ማየት ብቻ ሳይሆን መስማትም ያስፈራዋል፤ ወላጆች "ልጆቹ ተኝተዋል" ብለው ከፍተው የሚመለከቱት ፊልም ምስሉ በሳሎን ቢቀርም ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ መኝታ ቤት ይገባል፤ ምስሉን ያላየ ልጅም ከሰማው ድምፅ የባሰውን ምስል በራሱ ይሠራል።

ሦስተኛው መደንዘዝ ነው። ይህም አንድን አስደንጋጭ ነገር ደጋግሞ ከማየት የተነሣ ሰውነትም ስሜትም ለነገሩ የሚሰጠው ምላሽ እየደከመ መሄዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጊዜ ዓይን ያስጨፈነው ትዕይንት በአሥረኛው ጊዜ እህል እየተጎረሰ ይታያል። መደንዘዝ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ በመሆኑ፣ የተወሰደው ሰው ምን ያህል እንደራቀ የሚያውቀው አብሮት የነበረ ሌላ ሰው ሲደነግጥ ሲያይ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚናገረው በልክ ነው። ተዛምዶ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው፣ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 የቪዲዮ ጌምን ጉዳይ በሚመለከት ባወጣው መግለጫ ጨዋታዎቹ እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር መጠነኛ ዝምድና ቢኖራቸውም፣ የደም ማፍሰስ ወንጀልን በእነርሱ ማሳበብ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አሳስቧል። ስለዚህ "ይህን ያየ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል" ብሎ መከራከር ስሕተት ከመሆኑም ሌላ፣ ክርክሩ ሲወድቅ እውነተኛውን ጉዳይ ይዞ ይወድቃል። እውነተኛው ጉዳይ ከወንጀል በፊት የሚገኘው ሰፊ የሕይወት ክፍል ነው፤ እንቅልፍ፣ የልጅ ሰላም፣ ለሰው ሥቃይ የመደንገጥ ችሎታ። በተለይም በቅርብ ዓመታት በአገራችን በደረሱት ጦርነቶች እውነተኛ ሞትን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት የተኩስና የጩኸት ድምፅ መዝናኛ ሳይሆን ያለፈውን መልሶ የሚያመጣ ቀስቃሽ ሊሆን እንደሚችል መርሳት አይገባም።

ክፍያው የሚገዛው ምንድን ነው?

ለመወሰን የሚፈልግ ሰው የአገልግሎቱን አሠራር ማወቅ ይኖርበታል። ደንበኛው የሚከፍለው በየጊዜው ለሚለዋወጥ መደርደሪያ ነው፤ ለልጆች ፊልም ብሎ የገባበት አገልግሎት በሌላ ዓመት ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ዲዝኒ ፕላስ በአሜሪካ በመጋቢት 2022 "ዴርዴቪል"ንና ሌሎች ለአዋቂዎች የተሠሩ ጭካኔ ያለባቸውን ተከታታዮች ሲጨምር የወላጅ መቆጣጠሪያውን አብሮ ማሻሻል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት የተሰጠ ፈቃድ ለሁልጊዜው የተሰጠ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

አገልግሎቱ ለተመልካቹ የሚያቀርበውን የሚመርጠው አልጎሪዝም ነው፤ ይህም ቀድሞ የታየውን እየመዘገበ ቀጥሎ ሊታይ የሚችለውን የሚገምት የኮምፒዩተር ስሌት ነው። ስሌቱ የሚቆጥረው የታየውን ነገርና የታየበትን ጊዜ ነው፤ እያዘነ የተመለከተውንና እየተደሰተ የተመለከተውን ሰው አይለይም። ኔትፍሊክስ እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ አንድን ፊልም ቢያንስ ሁለት ደቂቃ የተመለከተን አካውንት ፊልሙን እንዳየ ይቆጥር ነበር፤ በኋላ ወደ ሰዓት ቆጠራ ተለወጠ። በሁለቱም አቆጣጠር በጥላቻ የተቀመጠ ተመልካችም ከአድናቂው ጋር እኩል ድምፅ ይሰጣል። አንድ ክፍል ሲያልቅ በማያ ገጹ ጥግ ላይ የሚታየው የሴኮንዶች ቆጠራና ቀጣዩ ክፍል በራሱ መጀመሩ ደግሞ የመወሰኛዋን ቅጽበት ያሳጥራታል፤ መቀጠል ምንም አይጠይቅም፣ ማቆም ግን ሪሞቱን ማንሣት ይጠይቃል። በፊልሙ መጀመሪያ በላይኛው ጥግ ለጥቂት ሴኮንዶች ታይቶ የሚጠፋው የዕድሜ ምልክት በጎኑ "ጥቃት" የሚል ቃል ቢይዝም፣ ተመልካቹ ትራሱን ሲያመቻች ሊያልፈው ይችላል።

አምስት የመመዘኛ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ በእርግጥ ምን ታየ የሚለው ነው። አገልግሎቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የታዩትን ፊልሞች ዝርዝር ከነቀናቸው ይይዛሉ፤ ኔትፍሊክስም ይህን በእያንዳንዱ ፕሮፋይል ሥር ያሳያል። ያለፈውን ወር ዝርዝር በወረቀት ላይ ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ርዕስ ጎን በልብ የቀረውን በአንድ ቃል ማስፈር ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሰው የሚመለከተው ብሎ የሚያስበውና የተመለከተው ብዙ ጊዜ ስለማይገጣጠሙ ነው።

ሁለተኛው ሟቹ ማን ነው የሚለው ነው። ሥራው የተጎዳውን ሰው ስም፣ ቤተሰብና የሚያለቅስለት ሰው ይሰጠዋል ወይስ እንደ ጠርሙስ ይደረድረዋል? ጥቃቱ መዘዝ አለው ወይስ ጀግናው እጁን ታጥቦ ይሄዳል? ይህ ጥያቄ የጦርነትን ክፋት የሚያሳይ ከባድ ሥራን ጭካኔን እንደ ቅመም ከሚነሰንስ ቀላል ሥራ ለመለየት ያስችላል።

ሦስተኛው ከታየ በኋላ ምን ቀረ የሚለው ነው፤ መልሱም በእንቅልፍ፣ በልጆች ጨዋታ፣ በንግግር ቃናና በማግሥቱ ስሜት ላይ ይነበባል። አራተኛው መቆጣጠሪያው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ከ2020 ጀምሮ ኔትፍሊክስ እያንዳንዱን ፕሮፋይል በሚስጥር ቁጥር መቆለፍን፣ የዕድሜ ጣሪያ መወሰንን፣ አንድን ርዕስ በስሙ ማገድንና ቀጣዩ ክፍል በራሱ እንዳይጀምር ማድረግን ፈቅዷል፤ ነገር ግን የሚስጥር ቁጥሩን ያወጣው ልጁ ከሆነ መቆለፊያው ጌጥ ብቻ ነው። አምስተኛው ክፍያው ምን ይደግፋል የሚለው ነው። ገንዘቡ በየፊልሙ ስለማይከፋፈል የወደዱትን ብቻ መደገፍ አይቻልም፤ ሆኖም የሚታየው ነገር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ደንበኛ ሆኖ የቆየ ሰው በሚመርጠው ፊልም፣ የወጣም በሚያስቀረው ክፍያ መልእክት ያስተላልፋል።

መቆየት፣ ለጊዜው ማቋረጥ ወይም መውጣት

ከአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ሦስት መንገዶች ይወጣሉ። የታየው ዝርዝር በአብዛኛው የሚጠቅም፣ መቆጣጠሪያውም በአዋቂ እጅ ሆኖ ከተገኘ በሥርዓት መቆየት ተገቢ ነው፤ ሥርዓቱም ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ፕሮፋይል ማበጀትን፣ ራስ-ሰር ጅማሬውን ማጥፋትንና ከባድ ሥራዎችን ልጆች በሌሉበት፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ መመልከትን ይጨምራል። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ለተወሰነ ጊዜ ማቋረጥ ብልህነት ነው። በኢትዮጵያ የክርስትናም የእስልምናም ትምህርት ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የጆሮም እንደሆነ ሲነገር ኖሯል፤ ይህ የቆየ ጥበብ ለዚህ ጉዳይ በቀጥታ ያገለግላል። አንድን የጾም ወቅት ያለ አገልግሎቱ አሳልፎ የናፈቀውንና ያልናፈቀውን ለይቶ መመዝገብ የደነዘዘው ስሜት የት እንዳለ ያሳያል። ወርሃዊ ደንበኝነት በማንኛውም ጊዜ ሊመለስ የሚችል በመሆኑ ሙከራው የሚያስከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው።

ዝርዝሩ የሚያሳፍር፣ ልጆቹም የተረበሹ፣ መቆጣጠሪያውም የማይከበር ከሆነ ደግሞ መውጣት ይገባል። ሲወጣ መታወቅ ያለበት አፕሊኬሽኑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ደንበኝነቱን እንደማያቋርጥ ነው፤ ማቋረጡ በአካውንቱ ገጽ ውስጥ ገብቶ፣ ክፍያው በስልክ ኩባንያ ወይም በአፕ መደብር በኩል የሚፈጸም ከሆነም በዚያው በኩል መደረግ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱ የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላል። ምክንያት የሚጠየቅበት ገጽ ከመጣም ዘሎ ከማለፍ ይልቅ ትክክለኛውን ምክንያት መጻፍ ጠቃሚ ነው፤ ያለ ምክንያት የወጣን ደንበኛ ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮት እንደወጣ ሊገምተው ይችላልና።

መውጣት ግን ብቻውን ግብ አይደለም። ከአገልግሎቱ የወጣ ቤተሰብ ምሽቱን በሌላ ነገር ካልሞላው ዓይኑ ወደ ስልክ ይዞራል፤ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ደግሞ የዕድሜ ምልክትም ተዋናይም የሌለበት፣ የሚሞተውም እውነተኛ ሰው የሆነበት ምስል ይዘዋወራል። በተከታታይ ድራማ ላይ የተጠነቀቀ ወላጅ የተገደለ ሰው ምስል በስልኩ ሲደርሰው ለሌላው ካስተላለፈ ጥንቃቄው ከንቱ ሆኗል። ስለዚህ ውሳኔው ከድርጅቱ ጋር ያለውን ውል ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለውን የማየት ልማድ በሙሉ ሊመለከት ይገባል፤ ልጆችም "ተዘግቷል" ተብለው ብቻ እንዳይቀሩ ምክንያቱ እንደየዕድሜያቸው ሊነገራቸውና ያዩት ነገር ምን እንዳሳደረባቸው ሊጠየቁ ያስፈልጋል። ያስፈራውን ነገር ለወላጁ መናገር የለመደ ልጅ፣ ወላጁ በሌለበት ቦታ ሁሉ ሊጠብቀው የሚችል መቆለፊያ ይዞ ይሄዳል።

ጭካኔን አይቶ መደንገጥ የሰውነት ምልክት ነው፤ መዝናኛው ያንን ድንጋጤ ለመልካም ሊያነቃው እንደሚችል ሁሉ ቀስ በቀስ ሊያጠፋውም ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ ከሚቀጥለው ወር ክፍያ በፊት የታዩትን ፊልሞች ዝርዝር አውጥተህ ከቤተሰብህ ጋር ተቀምጠህ መርምረው፤ በየምሽቱ በሳሎንህ ማን እንዲገባ እንደምትፈቅድ የመወሰኑ ሥልጣን ዛሬም በእጅህ ነው።